ክርስትናው ሳይደርስ፦ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ አራስ የተጻፈ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ ለአራሷ ነው። አራሷ ማንበብ ካልቻለች ትምህርት ቤት የገባች ታናሽ እህቷ አጠገቧ ቁጭ ብላ ታንብብላት። አማቷ ብትሰማ ደግ ነው። ባሏም ይስማ፤ ለእሱ የሚሆን ክፍል ወደ ኋላ አለ።

ከሁሉ በፊት የምልሽ አንድ ነገር ነው፦ ከወለድሽ በኋላ የወር አበባሽ እስኪመጣ አትጠብቂ። በየቤቱ የሚባለው «ገና ምን አይቼ!» ነው። እንቁላል ግን የሚወጣው ደም ከመታየቱ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ነው። ስለዚህ ሴት ከወሊድ በኋላ አንድም ጊዜ የወር አበባ ሳታይ ልትጸንስ ትችላለች፤ ነገሩን የምታውቀው ሆዷ ሲገፋ፣ ወይም ጡት የያዘው ልጅ ወተቱን ሲጠላባት ነው። ጡት የማታጠባ እናት ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ለእርግዝና ክፍት ናት። የወንዱ ልጅ የክርስትና ጠላ ሳይጠነሰስ ማለት ነው።

የአገራችን ሴት መከላከያ አታውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ካሉ ያገቡ ሴቶች 47 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ እንደሚጠቀሙ አሳይቷል፤ የአገሪቱ አማካይ 35 ነበር። ያው ጥናት ግን ከወለዱ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ በጤና ባለሙያ የታዩት ሴቶች በአገር ደረጃ ከመቶ 17ቱ ብቻ መሆናቸውንም ጽፏል። ክፍተቱ ያለው እዚህ ነው። እርጉዟን ብዙ ሰው ይጠይቃታል፣ ሕፃኑን ሁሉም ይስመዋል፤ አራሷን «አንቺስ ከእንግዲህ ምን አሰብሽ?» የሚላት የለም። የሚከተለው ያንን ጥያቄ ራስሽ ለራስሽ እንድታነሺው ነው።

አንድ፦ ሳትወልጂ ወስኚ

ምጥ የያዛት ሴት ስለ መከላከያ አታስብም፤ በወለደች ማግሥት ደግሞ ቤቱ በገንፎና በእልልታ ይሞላል። ውሳኔው መደረግ ያለበት ለእርግዝና ክትትል በምትመላለሺበት ጊዜ ነው። ቤትሽ ከጤና ጣቢያ የራቀ ከሆነና ቀንሽ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ከገባሽ፣ እዚያ የምትቀመጪባቸው ቀናት ለዚህ ወሬ ይመቻሉ። አዋላጇን ያዢና ጠይቂያት።

አስቀድሞ መወሰን የሚጠቅመው ከወለድሽበት ተቋም ሳትወጪ ሊያልቁ የሚችሉ ነገሮች ስላሉ ነው። በማህፀን የሚቀመጠው ሉፕ እንግዴ ልጁ እንደወጣ ወይም እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ሊገባልሽ ይችላል፤ 48 ሰዓት ካለፈ ግን 4 ሳምንት እስኪሞላ መቆየት ግድ ነው። በክንድ የሚቀበረውን መከላከያ የምታጠቢ ብትሆኚም በዚያው ቀን ማስቀበር ይቻላል። ልጅ በቅቷት ለዘለቄታው ማቆም የምትፈልግ እናት የማህፀን ቱቦዋን በ7 ቀን ውስጥ ማስቋጠር ትችላለች፤ ያ ካለፈ ከ6 ሳምንት በኋላ ይሆናል። ይህ የቀዶ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይፈልጋል። በኦፕራሲዮን የምትወልጂ ከሆነ ሉፑም ሆነ ቱቦ ማስቋጠሩ በዚያው አልጋ ላይ ሊያልቅ ስለሚችል ቀድመሽ መናገርሽ ሌላ መንገድና ሌላ ሕመም ያድንሻል።

ምን ትያለሽ? «ከወለድኩ በኋላ ሳልወጣ ሉፕ እንዲገባልኝ (ወይም በክንዴ እንዲቀበርልኝ) እፈልጋለሁ፤ ካርዴ ላይ ይጻፍልኝ» በይ። ካርድ ላይ የተጻፈ ነገር ተረኛዋ አዋላጅ ብትቀየርም አይረሳም። ብዙ ደም ከፈሰሰሽ፣ ትኩሳት ካለሽ ወይም የሽርት ውሃሽ ፈስሶ ብዙ ሰዓት ከቆየ ሉፑ በዚያ ቀን አይገባም፤ ያን ጊዜ «ለመቼ ልምጣ?» ብለሽ ቀን ሳትቀበዪ አትውጪ።

ሁለት፦ ቀኑን በታቦት ቁጠሪ

የእኛ ወር ሁልጊዜ 30 ቀን መሆኑ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ባለሙያዎቹ በሳምንት ይቆጥራሉ፤ አንቺ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ብትቆጥሪ ያው ነው። ሙስሊም እህቴም ብትሆኚ ወሩ ያው 30 ነው፤ የወለድሽበትን ቀን ቁጥር ብቻ ያዢ።

በኅዳር ሚካኤል ወለድሽ እንበል፤ ኅዳር 12 ማለት ነው። ወንድ ከሆነ 40 ቀኑ በታኅሣሥ ማርያም፣ በ21 ይሞላል። 6 ሳምንቱ ታኅሣሥ 24 በተክለ ሃይማኖት፣ ጤና ኬላ «የ45 ቀን» የሚሉት የሕፃኑ ክትባት ደግሞ ታኅሣሥ 27 በመድኃኔዓለም አካባቢ ነው። ክርስትናው፣ ክትባቱና መከላከያው በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው መጡ። ልጁን አዝለሽ ለክትባት በሄድሽበት ቀን የራስሽንም ጉዳይ ጨርሰሽ ተመለሺ፤ ሁለት ጉዞ አያስፈልግሽም።

ሴት ከወለድሽ ግን ጥንቃቄ ያሻል። 80 ቀኑ የሚሞላው የካቲት 1፣ በልደታ ነው። እስከዚያ ድረስ የ6ኛው ሳምንት ክትባት ብቻ ሳይሆን የ10ኛው ሳምንትም አልፏል። «ክርስትናዋ ይለፍና እናያለን» ያለች እናት አደገኛውን ጊዜ ሁሉ ያለ መከላከያ ታሳልፈዋለች። አራስ 80 ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን አትገባም፤ ጤና ኬላ አትሂድ ያለ ካህን ግን አልሰማሁም። አርባ ሰማንያውን ከባልሽ ተለይተሽ ካሳለፍሽው እሰየው፣ በዚያ መካከል አትጸንሺም። በየቤቱ ግን ሥርዓቱ እኩል እንደማይጠበቅ አንቺም እኔም እናውቃለን። በእስልምናም የአራስነቱ መጠበቂያ እስከ 40 ቀን ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ለሁለቱም እምነት ተከታዮች አንድ ዓይነት ነው።

የሚቀጥለው እርግዝና ከመቼ በፊት ባይሆን ይመረጣል? የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከወለዱ በኋላ ቢያንስ 24 ወር ቆይቶ መጸነስን ነው። በ2017 ኅዳር የወለደች እናት ከ2019 ኅዳር በፊት አታርግዝ ማለት ነው። ያን ጊዜ ብትጸንስ ተከታዩ ልጅ ነሐሴ 2019 ይወለዳል፤ የመጀመሪያው ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሮጦ ከብት ባያግድም ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ። ከዚያ ባነሰ ጊዜ ሲጸነስ ልጁ ጊዜው ሳይደርስ ወይም ክብደቱ ሳይሞላ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል፤ ያልጠነከረው ትልቁ ልጅም ጡቱን ቶሎ ይነጠቃል። ክረምት መሐል የቤቱ እህል በሚሳሳበት በጋይንትና በስማዳ ደጋ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ሦስት፦ ጡቱ ይከላከላል፣ ሦስቱም ጉልቻ እስካሉ

ጡት ማጥባት በራሱ መከላከያ ነው፤ እናቶቻችን የሚሉት እውነት አለው። በትክክል ከተያዘ ከመቶ 98 ሴቶችን ይጠብቃል። ግን የሚቆመው በሦስት ጉልቻ ነው፤ አንዱ ሲነቀል ድስቱ ይደፋል። አንደኛ፣ ልጁ 6 ወር አልሞላውም። ሁለተኛ፣ የወር አበባሽ አልመጣም። ሦስተኛ፣ ልጁ ከእናት ጡት ሌላ ምንም አይቀምስም፤ ሌሊትም ቀንም ይጠባል።

ችግሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ ሆዱን ያጥበዋል እያሉ ጥቂት ውሃ መስጠት፣ የአብሽ ውሃ፣ ገና በ3 ወሩ የላም ወተት፣ እነዚህ ሁሉ ጉልቻውን ይነቅላሉ። ለልጁም ጥሩ አይደሉም፤ ግን ያ ሌላ ወሬ ነው። ውሃ የቀመሰ ልጅ ያነሰ ይጠባል፤ ጡቱ ባነሰ ቁጥር ሰውነትሽ «ልጁ አድጓል» ብሎ እንቁላል ማዘጋጀት ይጀምራል። ቀን ቀን በሁለት ጡት መካከል ከ4 ሰዓት፣ ሌሊት ከ6 ሰዓት በላይ ማለፍ የለበትም።

እስኪ የአንድ ሳምንትሽን ኑሮ አስቢው። የገበያ ቀን ነፋስ መውጫ ወይም አርብ ገበያ ወርደሽ ማታ ትመለሻለሽ፤ ልጁ ከአያቱ ጋር ውሎ በላም ወተት ተደልሏል። አረም የደረሰ ጊዜ ከጠዋት እስከ ማታ ማሳ ላይ ነሽ። እንዲህ የሚውል ቤት ጡትን ብቻ ተማምኖ መቀመጥ አይችልም። የልማታዊ ሴፍቲኔት ተጠቃሚ ከሆንሽ ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን ከሕዝብ ሥራው ነጻ የሚያደርግ አሠራር አለ፤ ለቀበሌው ኮሚቴ የጤና ኬላ ወረቀት አቅርቢና ተጠቀሚበት። ድንጋይ ስትሸከሚ ልጁ አይጠባምና።

ጡቱን ተማምነሽ ከሆነ የማብቂያ ቀንሽን ዛሬውኑ እወቂ። የኅዳር ሚካኤል ልጅ ግንቦት ሚካኤል 6 ወሩን ይሞላል። ከግንቦት 12 አስቀድመሽ ሌላ መከላከያ ያዢ። ከዚያ በፊት ደም ካየሽ፣ ወይም ለልጁ ምግብ ከጀመርሽ፣ ሳምንት አትጠብቂ፤ በዚያው ቀን ሂጂ።

አራት፦ የትኛው፣ ከመቼ ጀምሮ

በእኛ አካባቢ መከላከያ ሲባል ብዙ ሴት መርፌን ታስባለች። መርፌው፣ ዴፖ፣ ጥሩ ነው፤ ወተትም አይቀንስም። የምታጠባ እናት ግን 6 ሳምንት ሳይሞላት እንድትወጋ አይመከርም። የሚቆየው 3 ወር ነው፤ ታቦቱን መቁጠር እዚህ ላይ ይበልጥ ይጠቅማል። በኅዳር ሚካኤል የተወጋሽ እንደሆነ ቀጣዩ የካቲት ሚካኤል ነው፤ ከዚያ ግንቦት ሚካኤል፣ ከዚያ ነሐሴ ሚካኤል። ጳጉሜን መሐል ብትገባ አምስት ስድስት ቀን ትጨምራለች፤ ያ ችግር የለውም። ብትዘገዪ እስከ 4 ሳምንት ድረስ ልትወጊ ትችያለሽ፤ መፍጠን ካስፈለገሽም ሁለት ሳምንት ቀድመሽ መወጋት ይቻላል። ይህቺን የመጨረሻዋን ነገር ያዣት። ቀጠሮሽ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ ከወደቀና ወንዝ የምትሻገሪ ከሆነ፣ በተለይ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት የስማዳና የታች ጋይንት ቀበሌዎች፣ ወንዙ ጎድሎ ባገኘሽበት ቀን ሄደሽ ተወጊ።

እኔን ግን ምርጫ ብትጠይቂኝ የምመክርሽ በክንድ የሚቀበረውን ነው። ኢምፕላኖን 3 ዓመት፣ ጃዴል 5 ዓመት ይቆያሉ። በዓመት ከ1000 ተጠቃሚ ሴቶች አንዷ ብታረግዝ ነው። ምክሬ ከመድኃኒቱ ብርታት ብቻ አይደለም፤ ከመንገዱም ነው። ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል። ከ2015 ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ መድኃኒት የጫነ መኪና ከደብረ ታቦር መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። በየ3 ወሩ የሚታደስ መከላከያ በየ3 ወሩ ክፍት መንገድ፣ ያልጎደለ መድኃኒትና ያልተዘጋ በር ይጠይቃል። ክንድሽ ውስጥ ያለው ግን መኪና አይጠብቅም። ሉፑም እንዲሁ ነው፤ ከመዳብ የተሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል፣ ሆርሞን የለውም፣ ወተት አይነካም።

ኪኒን የምትፈልጊ ከሆነ ሁለት ዓይነት መኖሩን እወቂ። አንዱ ለምታጠባ እናት የሚሰጠው ባለ አንድ ሆርሞን ነው፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መዋጥ አለበት። ሌላው ባለ ሁለት ሆርሞን ነው፤ የምታጠባ እናት 6 ወር ሳይሞላት አትዋጠው። መድኃኒት ቤት ገብተሽ «የወሊድ መከላከያ» ብቻ ብትይ የሚሰጡሽ ይህኛውን ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ «አጠባለሁ፣ ልጄ ይህን ያህል ወሩ ነው» ብለሽ ጀምሪ። የደም ግፊት ያለብሽ ወይም በእርግዝና ጊዜ ግፊት የነበረብሽ ከሆነም ይህን ኪኒን ለራስሽ አትግዢ። ኮንዶም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሆናል። ያለ መከላከያ ተገናኝተሽ ከሆነ ፖስት ፒል እስከ 5 ቀን ይሠራል፤ ቶሎ በተዋጠ ቁጥር ግን ይሻላል፣ ለምታጠባ እናትም ችግር የለውም።

የሳንባ ነቀርሳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ሳትደብቂ ተናገሪ። ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዶቹ የሚቀበረውንና ኪኒኑን ያዳክማሉ፤ መርፌውንና ሉፑን ግን አይነኩም።

አምስት፦ ጤና ኬላ በር ላይ

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከ1995 ወዲህ በየቀበሌው ተመድበዋል፤ ኮንዶም፣ ኪኒንና መርፌ ከእነርሱ ታገኛለሽ። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ኢምፕላኖንም እንዲቀብሩ ሠልጥነዋል። ማውጣቱና ሉፑ ግን ጤና ጣቢያ ነው። ስለዚህ ከመቀበርሽ በፊት «ሲበቃኝ የሚያወጣልኝ ማነው? የት?» ብለሽ ጠይቂ። ይህን ሳይጠይቁ ያስቀበሩ ሴቶች ናቸው በኋላ ሲንከራተቱ የሚታዩት። አገልግሎቱ በመንግሥት ተቋም በነጻ ነው። ሠራተኞቹ ስብሰባና የቤት ለቤት ሥራ ስለሚበዛባቸው በሩ ተዘግቶ ልታገኚው ትችያለሽ፤ ከመሄድሽ በፊት በጎረቤት ወይም በስልክ አጣሪ።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት። ሄደሽ «የወር አበባሽ ሲመጣ ነይ» ትባያለሽ። ይህ በብዙ ቦታ የሚሆን ነገር ነው፤ መልሱን ይዘሽ ሂጂ። እርጉዝ አለመሆንሽን ለማወቅ ደም ማየት አያስፈልግም። ከሚከተሉት አንዱ ብቻ እውነት ከሆነ በቂ ነው። ከወለድሽ 4 ሳምንት አልሞላም። ወይም 6 ወር ያልሞላው ልጅ ጡት ብቻ እያጠባሽ የወር አበባሽ አልመጣም። ወይም ከወለድሽ ጀምሮ ከወንድ ጋር አልተገናኘሽም። ወይም የወር አበባሽ ከጀመረ 7 ቀን አልሞላውም። ወይም ውርጃ ካጋጠመሽ 7 ቀን አልሞላም። ወይም ሌላ መከላከያ ሳታቋርጪ በትክክል ስትጠቀሚ ነበር። ባለሙያዋ እነዚህን ጥያቄዎች በሥልጠና ታውቃቸዋለች፤ አንቺ ደግሞ አስታውሻት። «የ2 ወር አራስ ነኝ፣ ጡት ብቻ ነው የማጠባው፣ ደም አላየሁም፤ እርጉዝ ልሆን አልችልም» ስትያት ነገሩ ይቀልላል።

የባልሽ ፈቃድ ወረቀት አይጠየቅም፤ የአንቺ ፈቃድ በቂ ነው። ካርዱ ቤት ከገባ ጭቅጭቅ ያመጣል ብለሽ ከፈራሽ እዚያው ይቀመጥልሽ፤ ይህን መጠየቅ ነውር የለውም።

ስድስት፦ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣው

መጀመሪያ ስለ ክንድሽ። መድኃኒቱ የሚቀበረው ብዙ በማትሠሪበት ክንድ ላይኛ ክፍል በውስጥ በኩል ነው። ፋሻውን ለጥቂት ቀናት ውሃ አታስነኪው፤ በዚያ ክንድ ጀሪካን አታንሺ፣ ለእነዚያ ቀናት ውሃውን ሌላ ሰው ይቅዳ። ከዚያ በኋላ ማጨድም፣ መፍጨትም፣ መሸከምም አይከለከልም። በጣትሽ ስትዳስሺው ታገኚዋለሽ፤ «ሰውነት ውስጥ ይጠፋል» የሚባለው ወሬ ነው። መግል ከያዘ ወይም ጫፉ ከወጣ ተመለሺ።

ሉፕ ወደ ልብ ይወጣል የሚባለውም እንዲሁ ነው፤ ከማህፀን ወደ ልብ የሚያደርስ መንገድ የለም። ከወሊድ በኋላ ወዲያው የገባ ሉፕ ግን ወደ ውጭ የመውጣት ዕድሉ ቆይቶ ከሚገባው ይበልጣል፤ በ6ኛው ሳምንት መታየት ያለብሽ ለዚህ ነው። ትኩሳት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ኃይለኛ የሆድ ሕመም ካለሽ ቀጠሮ አትጠብቂ።

በጣም የሚያስጨንቀው የደሙ ነገር ነው። መርፌና የሚቀበረው የወር አበባን ያዛባሉ። ለአንዷ ጠብ ጠብ እያለ ይቆያል፣ ለሌላዋ ጨርሶ ይጠፋል። ሲጠፋ «ደሙ ሆዴ ውስጥ ተጠራቀመ» ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ የማህፀኑን ግድግዳ ስላሳሳው የሚወርድ ነገር የለም። ጠብ ጠብ ማለቱ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታና ይቀንሳል። ለጸሎትና ለቁርባን የምትጠነቀቂ ከሆነ ይህ ከባድ ሊሆንብሽ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ከመጀመርሽ በፊት ብታውቂው ይሻላል፣ ከበዛብሽም ለማስቀየር ሂጂ። ራስሽ አታቋርጪው። ጨርቅ በጨርቅ የሚያስለውጥ ከባድ ደም ግን የዚያኑ ዕለት ሐኪም ይፈልጋል። ባለ ሁለት ሆርሞን ኪኒን የምትውጪ ከሆነ ደግሞ የእግር እብጠትና ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የማይለቅ ብርቱ ራስ ምታት ኪኒኑን አቁመሽ የምትሮጪባቸው ምልክቶች ናቸው።

ሰባት፦ ለባልየው

ወንድሜ፣ ይህ ክፍል የአንተ ነው። ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወይም ሁመራ ወርደህ ወራት ትቆያለህ። ሚስትህ «እሱ በሌለበት ምን ያደርግልኛል» ብላ መርፌውን ትተወዋለች። አንተ በኅዳር በታኅሣሥ በድንገት ትገባለህ፤ የዚያ ሰሞን እርግዝና የሚገርም አይደለም። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ እሷ ሳታቋርጥ ትቀጥል፣ ወይም ለመምጣት ስታስብ አስቀድመህ ደውልላት፤ መርፌው ከተቋረጠ ኮንዶም ይዘህ ግባ። ኮንዶሙ ከመንገድ ልታመጣው ከምትችለው በሽታም ይጠብቃታል፣ እሷንም የምታጠባውን ልጅም።

ልጅ ከበቃችሁ የወንዱ ቀላል ቀዶ ሕክምና ከሴቷ ያነሰ ሥራ ነው። ወንድነት አይነካም፣ ጉልበት አይቀንስም፤ ውጤቱ የሚጸናው ግን ከ3 ወር በኋላ ስለሆነ እስከዚያ ሌላ መከላከያ ያዙ። በእኛ ገጠር ይህን የሚያደርግ ወንድ እጅግ ጥቂት ነው። ስምንት ጊዜ ያማጠች ሴት ዘጠነኛ ጊዜ ለቀዶ ሕክምና እንድትተኛ የሚጠበቅባት፣ እሱ ግማሽ ቀን የማይተኛው ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ልጁ ላልቆየላት

ልጅዋ የሞተባት እናት ለዚህ ወሬ ጆሮ አይኖራትም፤ አይፈረድባትም። ቤተሰቧ ግን ይወቅ። ጡቱ ስለቆመ ጥበቃው አብሮ ቆሟል፤ ከ4ኛው ሳምንት ጀምሮ ልትጸንስ ትችላለች፣ ሰውነቷም ገና አላገገመም። «ቶሎ ይተካላት» የሚሉ ጎረቤቶች ደግነታቸው ይገባኛል፤ ጊዜ የምትፈልገው ግን እሷ ናት። የማታጠባ በመሆኗ መርፌም የሚቀበረውም ወዲያውኑ ሊጀመርላት ይችላል። ጽንስ የወረደባት ሴት ደግሞ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሳ ልትጸንስ ትችላለች፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ቢያንስ 6 ወር መቆየት ነው።

ሌላ ልጅ ሲያምርሽ

የሚቀበረውና ሉፑ በወጡ ማግሥት መጸነስ ይቻላል። መርፌው ግን ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ 10 ወር ገደማ የሚወስድባቸው ብዙ ናቸው፤ መካን ሆንኩ ብለሽ አትደንግጪ። ስለዚህ በኅዳር 2019 መጸነስ የምታስቢ የመርፌ ተጠቃሚ የመጨረሻውን መርፌ ጥር 2018 አካባቢ ተወግተሽ አቁሚ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ቀድሞ እንዳይሆንብሽ ኮንዶም ያዢ። የሚቀበረውን ያስቀበርሽ ደግሞ ጥቅምት 2019 ጤና ጣቢያ ሄደሽ አስወጪው። በዚያው ቀን ደም ማነስ እንዳለብሽ ተመርመሪ፣ የፎሊክ አሲድ ኪኒንም ጠይቂ። የወር አበባሽ እንደቀረ የመጀመሪያውን የእርግዝና ክትትል 3 ወር ሳይሞላሽ ጀምሪ፤ በዚያው ካርድ ላይም ከሚቀጥለው ልጅ በኋላ የምትፈልጊውን መከላከያ አስጽፊ።